የኦዝበይ ግንዶች ወዲህና ወዲያ

ብሬዳ ፔቾቭኒክ ባሏን ከቀበረች አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗታል፤ እስካሁን ግን አላለቀሰችም። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። በቀብሩ ዕለት ዓይኗ ደርቆ ያዩት ሰዎች «ድንጋጤው ነው፤ ቆይቶ ይመጣል» ብለው ነበር። ቆየ፤ አልመጣም። ጠዋት ትነሣለች፣ ለአማቷ ለኔዣ የጥቁር ስንዴ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሁለቱን ላሞች ታልባለች፤ ከዚያ ሸለቆው ግርጌ ወዳለው የባለ ደኖች ማኅበር እንጨት መሰንጠቂያ ትወርዳለች። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሥራ ትሠራለች። ከመጋዙ የሚወጣውን ጣውላ እያገላበጠች ቅርንጫፍ የበቀለበትን ጉጥ፣ ስንጥቁን፣ ቀለሙን ታይና በጠመኔ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብላ ትጽፍበታለች። አንደኛው ለመስኮትና ለጠረጴዛ፣ ሁለተኛው ለጣሪያ፣ ሦስተኛው ለሣጥን ነው። ማታ ተመልሳ ትተኛለች። ቢጠይቋት ደህና ነኝ ትላለች፤ ውሸቷን አልነበረም። የሚያማት ነገር አልነበረም። ምንም ነገር አልነበረም።

ባሏ ኦዝበይ የሞተው በመጋቢት ነው። የካቲት ላይ አንድ ክፉ ነፋስ ከቤታቸው በላይ ያለውን የጥድ ደን መትቶ ዛፉን እንደ ክብሪት እንጨት አንዱን ባንዱ ላይ ጥሎት ነበር። ኦዝበይ አራት ሳምንት ሙሉ እየቆረጠ፣ በትራክተር እየጎተተ መንገድ ዳር ከመረው። እያንዳንዱ ግንድ አራት ሜትር፣ በእያንዳንዱ አናት ላይ በቀይ ሰም እርሳስ ቁጥሩን ይጽፍ ነበር። ሠላሳ ስድስት ላይ ደርሶ ሠላሳ ሰባተኛውን ሲቆርጥ፣ ከሌላ ዛፍ ሥር ተጣሞ የተወጠረው ግንድ እንደ ቀስት ተስፈንጥሮ ደረቱን መታው። ሐኪሙ «አልተሠቃየም» አለ። ብሬዳም «እሺ» አለች።

ግንዶቹ እንደተከመሩ ቀሩ፤ ልክ ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር። ብሬዳ ጠዋት በአጠገባቸው ታልፋለች፣ ማታም በአጠገባቸው ትመለሳለች። ሰኔ ሲገባ የደን ተቆጣጣሪው መጣና ልጡን በቢላ ፈልቅቆ ተመለከተ።

«ጢንዚዛው ገብቷል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተነሣ ወደ ቆመው ዛፍ ይሻገራል» አላትና ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱን ከዳቦ ሣጥኑ ሥር አስገባችው።

በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር ሎይዜ መጣ። ሎይዜ ከብሬዳ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። መሰንጠቂያውን ያቆመው አባቱ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንዳይዘጋ ዐሥር ዓመት ሲታገል ኖሯል። የሸለቆው ባለ ደን ሁሉ ግንዱን በጥሬው ተራራውን አሻግሮ ለኦስትሪያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ መጋዙ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚዞረው።

«ብሬዳ፣ ስሚኝ» አለ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «ግንዱን ለነሱ እንሸጣለን፣ ጣውላውን መልሰን ከነሱ እንገዛለን። ወተቱን ሸጦ አጓቱን የሚገዛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በዚያ ላይ ያጭበረብሩናል። ሲለኩ ያሳንሳሉ፣ ደረጃ ሲሰጡ ያወርዳሉ። እኔ ይህን በወረቀት ማሳየት እፈልጋለሁ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«በናንተ ግንድ ነዋ! ካንድ ዳገት፣ ካንድ ሰው እጅ፣ ቁመቱም አንድ። ግማሹን እዚህ እንሰነጥቃለን፣ ግማሹን እዚያ። አንቺ ሁለቱንም ታያለሽ። ያኔ ሌባው ይለያል።»

አማቷ ኔዣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ላይ ሆና ስትሰማ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደክሟል እንጂ ምላሷ አልደከመም።

«ሎይዜ» አለች፣ «አባትህ የሰነጠቀልን በር እስከ ዛሬ በእርግጫ ነው የሚዘጋው። ሌባ ከመፈለግህ በፊት መጋዝህን ፈትሽ።»

«ኧረ እማማ ኔዣ፣ አባቴንስ ይተዉት፤ ሞቷል።»

«የሞተው ብዙ ነው» አለች ኔዣ።

ሎይዜ አንገቱን ደፋ። ብሬዳን ግን ንግግሩ አልነካትም፤ ዝናብ ይጥል ይሆን አይጥል እንደሚሉት ያለ ወሬ ሆኖ ነበር የተሰማት። «ውሰዱት» አለች። ይህንንም ያለችው እምቢ ማለት ከእሺ ይልቅ ስለሚያደክም ነው።

በማግሥቱ ግንዶቹን አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እያለች በሁለት ከፈለቻቸው። የእያንዳንዱን ውፍረት በሜትር ለክታ ጻፈች። ዐሥራ ስምንቱ ወደ ማኅበሩ መሰንጠቂያ ወረዱ።

መጋዙ እየጮኸ ከፈላቸው። የቆየ መጋዝ ነው፤ ምላጩ ወፍራም ሆኖ እየሄደ ይዋልላል፤ ከሥሩ የሚወድቀው ሰጋቱራ እንደ ክክ የተከካ ነው። ብሬዳ ይህን ሃያ ስድስት ዓመት አይታዋለች። ሰባተኛው ግንድ ሲከፈት ግን ጣውላው ከዳርና ከዳር ሰማያዊ ነበር፤ የብዕር ቀለም ፈስሶበት የደረቀ ይመስላል። ጥድ በሙቀት ወራት ከነልጡ ሲከርም እንዲህ ይሆናል፤ ሻጋታ ነው። ከዐሥራ ስምንቱ ስድስቱ እንዲህ ሆነው ወጡ።

ሎይዜ ከትከሻዋ ኋላ መጥቶ ቆመ።

«ሁለተኛ በዪው።»

«ሰማያዊ ነው እኮ።»

«ሲደርቅ ይደበዝዛል። ሁለተኛ በዪው ብሬዳ፤ ለራስሽ ማኅበር ነው።»

እንደማይደበዝዝ ታውቃለች። ሎይዜም ያውቃል። ነገር ግን ለመከራከር አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ አፍ ለመክፈትም አንድ ነገር ከውስጥ መነሣት አለበት። ምንም አልተነሣም። በጠመኔው ሁለት ብላ ጻፈች፤ በሚቀጥለውም ሁለት፤ በስድስቱም ግንድ ጣውላ ሁሉ ላይ።

ማክሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ፈርዶ የቀሩትን ዐሥራ ስምንት ጭኖ ከቤቷ ደጅ አነሣት። ፈርዶ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ዝምታ የሚያስጨንቀው ዓይነት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው አናት ወጣ። ጫፉ ላይ የቀድሞው ኬላ አለ፤ ጉምሩኩ ከተዘጋ ወዲህ አንድ ሽማግሌ ማር ይሸጥበታል።

«አክስቴ» አለ ፈርዶ ማርሽ እየቀየረ፣ «እኔ እኮ ግንድ ይዤ እወጣለሁ፣ ጣውላ ይዤ እወርዳለሁ። አንዳንዴ ያው ዛፍ ይመስለኛል። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ የመጣ። ሰላም ልለው ይቃጣኛል!»

ብሬዳ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር።

«ይቅርታ አክስቴ። አፌ ነው።»

«ምን አጠፋህ? ተናገር» አለችው። እስኪደርሱም ተናገረ።

ኦስትሪያ ያለው የወዲያኛው መሰንጠቂያ ትልቅ ነው። ጣውላ መዳቢው ፎልቲ ይባላል፤ ስድሳውን ያለፈ፣ ደልደል ያለ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይጠፋ ሰው። ከተራራው ወዲያ ካሉት የስሎቬን መንደሮች ባንዱ የተወለደ ስለሆነ የሚናገረው የነብሬዳን ቋንቋ ነው፤ ግን የአያቶቻቸውን ዓይነት ሆኖ ነው የሚሰማው።

«ኦዝበይን አውቀው ነበር» አላት እጇን ጨብጦ። «ገበያ ላይ ስለ መጥረቢያ እጀታ ተከራክረን ረታኝ። ነፍሱን ይማር። አመሉ ግን ክፉ ነበር።»

«ክፉ ነበር» አለች ብሬዳ። በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ኦዝበይ ክፉ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ግንዶቹ አንድ በአንድ በቀይ ብርሃን ሥር አለፉ፤ እዚያ የሚለካው ሰው ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ብሬዳ የራሷን ወረቀት አውጥታ መለኪያው ስክሪን ላይ ከሚወጣው ቁጥር ጋር አስተያየች። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ያለውም ቢሆን ለባለ ግንዱ ያደላ ነበር። ከዚያ አንድ ክብ መጋዝ የእያንዳንዱን ግንድ አናት በስሱ ይቆርጠዋል። ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ቁራጭ ይወድቅና በሚንቀሳቀሰው የጎማ ቀበቶ ላይ ወደ መፍጫው ይሄዳል። ኦዝበይ ሰባትን ሲጽፍ መሐሏ ላይ አግድም መስመር ያስገባ ነበር። ሃያ ሰባት ወደቀና ሄደ።

ፎልቲ አይቷት ነበር። «ላስቀምጥልሽ? አንዱን ላንሣልሽ?»

«አይ፣ ይሂድ» አለች።

ከዚያ ወደ ጣውላው ሄዱ። ምላጩ ስስ ነው፤ ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ይበንናል። «እንዲህ እናድርግ» አለ ፎልቲ። «አለቃሽ ሌቦች ናቸው እንደሚል ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ነግሮኛል። እኔ በላዩ በኩል እጽፋለሁ፣ አንቺ በታቹ በኩል ጻፊ። እኔ ያንቺን አላይም፣ አንቺም የኔን አታዪም። መጨረሻ ላይ እናገላብጠዋለን።»

ሁለት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ሠሩ። ሰማያዊው እዚህም መጣ፤ ከዐሥራ ስምንቱ በአምስቱ። የብሬዳ እጅ ጠመኔውን ይዞ ሦስት ጻፈ። ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ነው ያየችው። ማንም ከኋላዋ ሳይቆም፣ እጇ ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቀውን ጽፎ ነበር።

ሲያገላብጡት በአራት ጣውላ ብቻ ተለያዩ። ከአራቱም በሦስቱ ደረጃውን ያወረደችው እሷ ነበረች።

«ጨካኝ ነሽ» አለ ፎልቲ እየሣቀ። ከሰማያዊው አንዱን አንሥቶ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። «ያሳዝናል። ጥሩ እንጨት ነበር። መቼ ነው የተቆረጠው?»

«መጋቢት።»

«ታዲያ እስከ ሰኔ ምን ሲጠብቅ ነበር?» አለና ወዲያው ገባው። ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅር በዪኝ። ጅል ነኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል። እኔን ነው ሲጠብቅ የነበረው» አለች ብሬዳ።

ይህን የተናገረችው ሰዓት ስንት ነው ተብላ እንደተጠየቀች ሁሉ ነበር። መኪናው ውስጥ ግን፣ ፈርዶ ስለ አንድ የወንድሙ ሠርግ እያወራ ሳለ፣ ቃሉ ተመልሶ መጣባት። እሷን ነው የጠበቀው። አንድ ስልክ ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ፈርዶ በማግሥቱ ይመጣ ነበር። አላመማትም። የሰውነት አካል ደንዝዞ ሳለ በጣት ሲጫኑት የሚሰማው ዓይነት ነገር ብቻ ተሰማት፤ አንድ ሩቅ ቦታ ላይ የሆነ ነገር እንደተነካ ያህል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በእሳት አደጋ ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አርባ ሰው ያህል ይሆናል። ሎይዜ ሁለት ወረቀት ይዞ ተነሣ። አንዱ የማኅበሩ መሰንጠቂያ ነው፤ ሌላው ከወዲያ የመጣው።

«አንድ ዳገት!» አለ። «አንድ ዛፍ! የራሳችን ብሬዳ በእጇ እዚህ አንዱንም ሦስተኛ አላለችውም። እዚያ ሲሄድ አምስት ግንድ ሙሉ ሦስተኛ ተባለ! ለምን? ሰማያዊ ነው አሉ። የኛን ጥድ ተራራ ሲሻገር ማን ሰማያዊ አደረገው?»

አዳራሹ ተንጫጫ። «አላልኩህም!» ይላል አንዱ፤ ሌላው ጠረጴዛውን ይደበድባል። ሎይዜ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «ብሬዳ፣ ተነሺና ያየሽውን ንገሪያቸው።»

ብሬዳ ተነሣች። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ለቀብሩ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ነው። አልፈራችም፤ ለመፍራትም አንድ ነገር ያስፈልጋል።

«የኛዎቹም ስድስቱ ሦስተኛ ናቸው» አለች። «ሁለተኛ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።»

ሎይዜ ፊቱ ቀላ።

«ብሬዳ፣ ምን ማለትሽ ነው? አንቺው በእጅሽ…»

«በእጄ ጻፍኩ። ሁለተኛ በዪው አልከኝ፣ አልኩት። እሱ የኔ ጥፋት ነው። እዚያ ደግሞ ከመዳቢያቸው ጋር ሳንተያይ ነው የጻፍነው፤ እሱም ሦስት አለ፣ እኔም ሦስት አልኩ። ሲለኩም አላሳነሱም፤ የለካሁበትን ወረቀት ማየት ትችላላችሁ።» ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሰማያዊው የነሱም አይደለም፣ የናንተም አይደለም። የኔ ነው። ግንዱ ደጄ ላይ አሥራ አንድ ሳምንት ተኛ። ፈርዶን መጥራት ነበረብኝ፤ አልጠራሁም።»

«ሐዘን ላይ ናት፤ ተዋት ሎይዜ» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ሐዘንተኛ ናት እንጂ ዕውር አይደለችም» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ትጨርስ!»

«ሌላም አለ» አለች ብሬዳ። «ከዐሥር ሜትር ኩብ ግንድ እነሱ ስድስት ሜትር ኩብ ጣውላ ያወጣሉ። እኛ አምስት እንኳ አይሞላልንም። የቀረው ሰጋቱራ ነው። ምላጫችን ወፍራም ነው፤ ይዋልላል። ጣውላውን ደጅ ስለምናደርቀው ይጣመማል። የሰረቀን ሰው የለም። እያነሰን ያለው ከመጋዛችን ሥር ነው።»

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!» ብሎ ጮኸ ሎይዜ። «አባቴ በእጁ ያቆመውን…» ሊጨርሰው አልቻለም።

«ሊሆን ይችላል» አለች ብሬዳ፤ ተቀመጠች።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ እሷ ግን አልሰማችውም። ጉልበቷ ላይ ያለውን የእጇን ጀርባ ትመለከት ነበር። ጠመኔ ገብቶበት የቀረ አንድ ጥፍር ነበራት።

ቤት ስትገባ ኔዣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ግንዶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል።

«ፈርዶ በዚህ አልፎ ነበር» አለች አሮጊቷ ቀና ሳትል። «ነገረኝ። ሰማያዊው የኔ ነው አልሽ አሉ።»

«አዎን እማማ።»

«ማን የብቻሽ አደረገው?»

ብሬዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው የምቀመጠው እኮ» አለች ኔዣ። «ስልኩ እዚህ ጎኔ ነው። የፈርዶን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሙቀት ሲመጣ ጥድ ምን እንደሚሆን አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ አውቃለሁ። እያየሁት ዝም አልኩ።» አንድ የአተር ቅርፊት በአውራ ጣቷ ሰነጠቀች። «ሥራው እዚያ ተከምሮ እስካለ ድረስ ሰውየውም ያልሄደ ይመስለኝ ነበር። መጥቶ የሚጨርሰው ይመስል። አይ እርጅና! እኔም አፍ ነበረኝ ብሬዳ። ሁሉን አንቺ አትውሰጂው፤ ልጄ ነበር፤ ለኔም ተዪልኝ።»

ብሬዳ እንባው አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች። ዓይኗ ሥር አንድ ነገር ሞቅ አለ፤ ግን አልወረደም። እጇን ወደ ሳህኑ ሰድዳ አተር መፈልፈል ጀመረች። ሳህኑ እስኪሞላ ሁለቱም ፈለፈሉ። የዚያን ምሽት ብሬዳን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ኔዣም አልቀሰቀሰቻትም፤ ላሞቹን ያለበላት የጎረቤት ሴት ናት።

ማኅበሩ እንደፈራው አልፈረሰም፤ ሎይዜ እንደተመኘውም አልሆነም። ከሦስት ስብሰባ በኋላ መጋዙ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ፣ ለመንደሩ ሰው የጣሪያ ወራጅና የአጥር እንጨት እንዲሰነጥቅ ተስማሙ፤ የቀረው ግንድ ተራራውን ይሻገር ተባለ። ግን ዝም ብሎ አይሻገርም፤ ሲመደብ ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሮ ይቁም። ያ ሰው ብሬዳ ትሁን ብለው እጅ አወጡ። ሎይዜም እጁን አወጣ፤ ከሁሉ ዘግይቶ። አንድ ወር ሙሉ አላነጋገራትም፤ ከዚያ አንድ ቀን ደጇ መጥቶ፣ ሳይገባ፣ ያ የወዲያኛው ምላጭ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። በኪሱ ወረቀት ላይ ጽፎት ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ማክሰኞ ማክሰኞ ከፈርዶ ጋር መውጣት ጀመረች። ፈርዶ ያወራል፤ እሷ ትሰማለች፣ ወይም አትሰማም። ከፎልቲ ጎን ቆማ ትጽፋለች። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ቋሊማውን ለሁለት ይከፍላል፣ እሷ ዳቦውን። ነሐሴም መስከረምም እንዲህ አለፈ። ሰው ደህና ነሽ ሲላት ደህና ነኝ ትላለች።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ፣ ከሎይዜ ከራሱ ደን የመጣ ግንድ ሲሰነጠቅ፣ ፎልቲ አንድ ጣውላ ላይ ሦስት ብሎ ጻፈ።

«ለምን?» አለች ብሬዳ።

«ጉጡ የሞተ ነው። ሲደርቅ ተነቅሎ ይወድቃል።»

«የታለ የሞተው? ሕያው ጉጥ ነው፤ ዙሪያውን እየው፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል!»

«ብሬዳ፣ አርባ ዓመት ነው ጉጥ የማየው።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ስታየው ካልለየኸው መነጽር ግዛ! ስጠኝ ጣውላውን። ስጠኝ አልኩህ! የሰው የሰማንያ ዓመት ዛፍ ነው፤ እንደ ሣጥን ክዳን እየወረወርክ…»

ጮኻ ነበር። ከመጋዙ በላይ ስለተሰማ ከወዲያኛው ጫፍ ሁለት ሠራተኞች ዞረው አዩ። ፎልቲ አፉን ከፍቶ ቆመ። ጣውላውን ነጥቃ በጉልበቷ ላይ አድርጋ ጉጡን በአውራ ጣቷ፣ ከዚያ በቡጢዋ፣ ከዚያ በመዳፏ ግርጌ እየደጋገመች መታችው። ፊቷ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እንባዋ በአገጯ በኩል ጠመኔው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ግን ጉጡን እንጂ እንባውን አላስተዋለችም።

ጉጡ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ፎልቲ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፤ መልሶ ሰካው። ከዚያ እጅጌውን በመዳፉ ይዞ ሦስቱን አጠፋና በጠመኔ ሁለት ብሎ ጻፈበት። ጣውላው አለፈ፤ የሚቀጥለው መጣ።